የድሮ ሲኒማ ትዝታ እንዴት ይቀዳል፣ እንዴትስ ይጣራል

የአዲስ አበባን የድሮ ሲኒማ ቤቶች ትዝታ ከወላጅ፣ ከአጎት ወይም ከሰፈር አዛውንት መቅዳት ሲጀመር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ስልክ ይዞ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ሲጨመር ነው። አንዱ «ፊልሙን ያየነው ኢምፓየር ነው» ይላል። አብሮት የነበረው ወንድሙ «የለም፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው» ብሎ ይምላል። እህታቸው ደግሞ ፊልሙ ገና ያልተሠራበትን ዓመት ትጠራለች። ማናቸውም አይዋሹም። ሁሉም የሚናገሩት እንደሚታያቸው ነው፤ የሚታያቸው ነገር ግን በዓመታት ውስጥ ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ነው።

ይህ መመሪያ ሰዎችን ለማጋለጥ አይደለም። ከቅጂው በኋላ የትኛውን ቃል ይዞ መጻፍ እንደሚቻል፣ የትኛውን ደግሞ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ብቻ ማለፍ እንደሚገባ ለመለየት ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በአጠያየቅ ነው፤ በተለይም በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል።

ምኑ ይታመናል፣ ምኑ ይጠረጠራል

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊልም ሲያዩ ያደጉ የብሪታንያ አዛውንቶችን ትዝታ የሰበሰበችው ተመራማሪ አኔት ኩን ያስተዋለችው ነገር አዲስ አበባም ላይ ይሠራል። ሰዎቹ ከፊልሞቹ ታሪክ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩት ስለ መሄዱ ነበር፦ በየት መንገድ፣ ከማን ጋር፣ ሳንቲሙ ከየት ተገኘ፣ የት ተቀመጥን። ከፊልሙ ራሱ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ አንድ የተቆረጠ ምስል ነው፤ ፊት፣ ፈረስ፣ ጩኸት።

ስለዚህ በየሳምንቱ ይደጋገም የነበረውን ነገር በደንብ ይመኑ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሄድ፣ በር ላይ ሱፍና ለውዝ መሸጡ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሰማው ፉጨት፣ «አክተሩ» ሲመጣ አዳራሹ የሚያጨበጭበው ጭብጨባ፤ ይህ ሁሉ ደጋግሞ ስለተፈጸመ በአእምሮ ውስጥ ጸንቷል። ድካሙ ያለው አንድን የተወሰነ ቀን ነጥሎ ማውጣቱ ላይ ነው። ሃምሳ እሑዶች ተዋሕደው አንድ እሑድ ይሆናሉ፤ ተናጋሪውም ከሃምሳው የተዋጣውን አንዱን እንደ ተፈጸመ አንድ ቀን ይተርከዋል።

በጣም ሊጠረጠሩ የሚገባቸው አራት ናቸው፦ ዓመተ ምሕረት፣ የፊልሙና የሲኒማ ቤቱ ጥምረት፣ የፊልሙ መጨረሻ፣ እና «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ቃል። የመጀመሪያ ፊልሜ የሚባለው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የታየው አይደለም፤ መጀመሪያ የማረከው ነው።

አንድ ሰው ያላየውን ፊልም አይቻለሁ ብሎ ከልቡ ሊያምን እንደሚችል የሚያሳይ ከባድ ማስረጃ አለ። ኦክቶበር 4 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. አንድ የኤል አል የጭነት ቦይንግ 747 አምስተርዳም ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ ወደቀ። አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ከአሥር ወር በኋላ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች «አውሮፕላኑ ሲመታ የሚያሳየውን ፊልም በቴሌቪዥን አይተዋል?» ብለው ሲጠይቁ ከተጠየቁት 55 በመቶ ያህሉ «አዎ» አሉ። ዜናውን ሰምተው፣ የፈረሰውን ሕንፃ በምስል አይተው፣ መሀሉን በራሳቸው ሞሉት። እዚህ ላይ ጥያቄውም ጥፋተኛ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ፊልም እንዳለ አድርጎ ነው የተጠየቀው።

ከመሄድዎ በፊት

የተራኪውን የሕይወት ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ያዘጋጁ። የተወለዱበት ዓመት፣ ትምህርት ቤት የገቡበት፣ ሰፈር የቀየሩበት፣ ሥራ የያዙበት፣ የተጋቡበት፣ ወደ ውጭ የሄዱበት ከሆነም እሱ። ይህን ከቤተሰብ በስልክ መጠየቅ ይቻላል። ፊልም የሚባል ነገር ግን ከእርስዎ አፍ እንዳይወጣ። «ስለ ኢምፓየር ልጠይቅዎ ነው የምመጣው» ካሉ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ስለ ኢምፓየር ሲያስቡ ይሰነብታሉ፤ በሌላ አዳራሽ ያዩት ሁሉ ኢምፓየር ይገባል። «ስለ ልጅነትና ስለ ወጣትነት መዝናኛ» ማለቱ ይበቃል።

የድሮ ፎቶና የፊልም ቁራጭ አስቀድሞ መላክ ትልቁ ስህተት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩት የፒያሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሰውየው በዓይናቸው ያዩትን የሚነግሩ መስሏቸው የፎቶውን ማዕዘን ይተርኩልዎታል። ፎቶ ይያዙ፣ ግን ከቦርሳ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ለቅጂው ስልክ በቂ ነው። ጥሪ እንዳይገባ በአውሮፕላን ሁነታ ያድርጉት፣ ከተናጋሪው ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ የሲኒ ኮቴ ይሰማል። አንድ ቁጭታ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ አዛውንት ይደክማሉ፣ ሲደክሙም ለመጨረስ ሲሉ መስማማት ያበዛሉ። ቡናው ከቅጂው በኋላ ይፈላ። ቡና ከተፈላ ጎረቤት ይመጣል፣ ጎረቤት ከመጣ የራሱን ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ የማን ትዝታ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አጠያየቁ

መጀመሪያ ሰፊ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። «ጋሼ፣ ልጅ እያሉ ሲኒማ ይሄዱ ነበር? እስቲ አንዱን ቀን ከቤት ከወጡበት ጀምረው ይንገሩኝ።» ከዚህ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አያቋርጡ። ቢሳሳቱም አያርሙ። ዓመቱን ቢስቱም ዝም ይበሉ፤ በማስታወሻዎ ላይ ምልክት ያድርጉና ይለፉ። ያረሟቸው ዕለት እርስዎ ያወቁትን መጠበቅ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያለው ትረካ የእርስዎ ነው።

ሁለተኛው ዙር ወደ ቦታው መመለስ ነው። ፖሊሶች ምስክር ሲጠይቁ እንዲጠቀሙበት የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ፊሸርና ጋይዝልማን ያዘጋጁት የአጠያየቅ ዘዴ እዚህም ይጠቅማል። ተራኪው ዓይናቸውን ጨፍነው በሩ ላይ እንዲቆሙ ያድርጉ። ትኬቱ በየት በኩል ይቆረጣል? እጅዎ ላይ ያለው ሳንቲም ምንድን ነው? ውስጥ ሲገቡ ምን ይሸታል? ወንበሩ ይታጠፋል ወይስ አግዳሚ ነው ብለው ግን አይጠይቁ፤ «የት ተቀመጡ?» ይበቃል። አማራጭ የሰጡት ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል እንጂ «ሦስተኛ ነው» አይልም።

ሦስተኛው ዙር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው፦ ከአዳራሹ ሲወጡ ጨልሞ ነበር? ከዚያ በፊትስ? ታሪክን ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ደጋግሞ የተረከ ሰው በለመደው መንገድ ይነጉዳል፤ ከመጨረሻው ሲጀምር ግን ልማዱ ይሰበርና የተዘለለው ይወጣል።

ቃል አመራረጥ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ከሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ከኤልዛቤት ሎፍተስና ከጆን ፓልመር የ1974 እ.ኤ.አ. ሙከራ የተሻለ የለም፤ እሱም ስለ ፊልም ትዝታ ነው። 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም አዩ። ለሃምሳዎቹ «መኪኖቹ ተላትመው ሲደቅቁ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ዓይነት ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ለሌሎቹ ሃምሳ «ሲጋጩ» ተባለ፤ የቀሩት ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 16፣ ከሁለተኞቹ 7 ሰዎች «አዎ» አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ስለዚህ «ያን ጊዜ ግፊያው ከባድ ነበር አይደል?» አይባልም። «በሩ ላይ እንዴት ነበር?» ነው የሚባለው።

እያንዳንዱ ጠቃሚ ነገር ከተነገረ በኋላ አንድ ቋሚ ጥያቄ ይከተል፦ «ይህን በዓይንዎ ያዩት ነው፣ ወይስ የሰሙት?» ሲጠየቁ ቆም ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ «እሱንስ ወንድሜ ነው የነገረኝ» ይላሉ። ይህ አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያጠራል። ለምሳሌ «ሰይጣን ቤት» ስለሚባለው የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዘመን ፊልም ማሳያ ሲነገርዎ፣ ሰው ደንግጦ እንደሸሸ፣ ቄሶች እንዳወገዙ ሲተረክልዎ፣ ተራኪው በዕድሜያቸው ሊደርሱበት አይችሉም። የተወረሰ ወግ ነው። ወጉ ይመዝገብ፤ ግን ከዓይን ምስክር ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ።

(የሸሸ ሕዝብ ወግ የኛ ብቻ አይደለም። የፈረንሳዮቹ የሲኒማ ጀማሪዎች፣ የሉሚየር ወንድማማቾች፣ የባቡር ፊልም ፓሪስ ውስጥ ሲታይ ተመልካች ከወንበሩ ተነስቶ ሮጠ የሚለው በዓለም የሚታወቅ ተረክ ነው። ፊልሙ በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. በግራንድ ካፌ በቀረበው የመጀመሪያ የክፍያ ዝግጅት ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ኋላ ነው የታየው። ስለ ሽሽቱ ደግሞ የታሪክ ተመራማሪዎች በጊዜው የተጻፈ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም።)

ዓመቱን ማጥመድ

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብለው በቀጥታ አይጠይቁ። ሰው ቁጥር ሲጠየቅ ቁጥር ይሰጣል። ይልቁንም ባዘጋጁት የሕይወት ቅደም ተከተል ላይ ያስጠጉት፦ ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበሩ? የት ሰፈር ይኖሩ ነበር? አብሮዎት የሄደው ሰው ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? አባትዎ በሕይወት ነበሩ? ሦስት መልሶች ሲገጣጠሙ ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ክፍተት ይገኛል፤ ከዚያ የበለጠ ትክክለኛነት በትዝታ ብቻ አይጠበቅም።

የመንግሥት ለውጥ ጥሩ ወሰን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት ቀን ስለሆነ «በንጉሡ ጊዜ» የሚለው ቃል ጣሪያ አለው። የአዳራሽ ስምም ይረዳል፤ ለኢዮቤልዩ በዓል በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ቴአትር ቤት «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ትዝታቸው ከአብዮቱ በፊት የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ «ብሔራዊ» የሚሉት ግን የኋላውን ስም ለድሮው ሰጥተው ሊሆን ስለሚችል ከዚህ ምንም መደምደም አይቻልም። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊም እንዲሁ ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት ፊልም በእግር ወደ ቤት ተመለስኩ የሚል ትረካ ከመጣ ወይ ዓመቱ ወይ ሰዓቱ ተዛንፏል።

የፊልሙ ርዕስ በእርግጥ ከታወቀ ወለል ይሆናል፤ ከተሠራበት ቀን በፊት ማንም ሊያየው አይችልም። «ሾሌ» የተባለው የህንድ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው ነሐሴ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ያውም እዚያው ህንድ። ስለዚህ «በጃንሆይ ጊዜ ራስ ሲኒማ ሾሌን አየሁ» ያለ ሰው ሌላ የህንድ ፊልም ነው ያየው፣ ወይም ዘመኑን አቀላቅሏል። «ብሩስ ሊ በሕይወት እያለ ኢንተር ዘ ድራገንን አይተናል» የሚለውም አይሆንም፤ ተዋናዩ ያረፈው ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፣ ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሞቱ ወሬና ፊልሙ በአንድ ሰሞን ስለመጡ ነው በብዙ ሰው ትዝታ የተጣበቁት።

የቀን አቆጣጠሩ ጣጣ ለብቻው ይታይ። «66 ላይ» የተባለው 1966 ዓ.ም. ከሆነ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ወሰኑ በአንድ ቀን ይቀድማል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ አርባ ዓመት የኖሩ ሰው «ሰባ አራት» ሲሉ ደግሞ ይጠንቀቁ። 1974 እ.ኤ.አ. ከሆነ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፣ 1974 ዓ.ም. ከሆነ ደርግ ከተቀመጠ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰዓቱም እንደዚሁ፤ «የ8 ሰዓቱ ፊልም» በአገሩ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው፣ በውጭው ማታ። ያኔውኑ «ፀሐይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገላግላል።

ያዩት ቅጂ የትኛው ነበር

አንዳንዴ ትዝታው ትክክል ሆኖ ፊልሙ ነው የሚለያየው። ይህን ሳያውቁ ሰውን ማረም ያሳፍራል።

«ሾሌ» እዚህም ጥሩ ምሳሌ ነው። ዳይሬክተሩ በሠሩት መጨረሻ እጁን የተቆረጠው ባለ መሬት ሽፍታውን ይገድለዋል። የህንድ ሳንሱር ይህን ስላልፈቀደ ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ፤ ፖሊስ ደርሶ ሽፍታውን ይይዘዋል። ኋላ የመጀመሪያውም ቅጂ በቪዲዮ ተሠራጨ። ስለዚህ ወንድማማቾች «ገደለው»፣ «አልገደለውም» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም ያዩትን ሊሆን ይችላል የሚናገሩት፤ አንዱ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌላው ቪዲዮ ቤት።

የሴሉሎይዱም፣ ማለትም ምስሉ የታተመበት ጥብጣብ፣ ጠባይ አለ። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲሄድ በደቂቃ 27 ሜትር ተኩል ያህል ይበላል። ወደ 600 ሜትር የሚሆን አንድ ጥቅል 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ስድስት ጥቅል ይሆናል ማለት ነው። በሁለት ፕሮጀክተር እየተቀባበሉ ነው የሚያሳዩት፤ መቀያየሪያው ሲደርስ በምስሉ ቀኝ ላይኛ ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ፊልሙ ሲበጠስ የተጎዳው ተቆርጦ ይጣላል፣ ጫፍና ጫፉ ይጣበቃል፤ አገር ለአገር ዞሮ የመጣ ቅጂ ደቂቃዎች ሊጎድሉት ይችላሉ። ጥቅል ከተዘበራረቀ ደግሞ የሞተ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። የሚገርመው፣ ተመልካቹ ከዓመታት በኋላ ሲተርከው ታሪኩ ተስተካክሎ መገኘቱ ነው፤ አእምሮ ያልገባውን ነገር እንደሚገባው አድርጎ እንደሚያስቀምጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። ስለዚህ «ፊልሙ ሲበጠስ ምን ይደረግ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ፉጨቱና ስድቡ ብቻ ሳይሆን የትኛው ትዕይንት እንደጎደለ አብሮ ይመጣል።

ቀለም ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የልብሷን ቀለም የሚነግርዎ ሰው ቀለሙን ከሌላ ቦታ አምጥቷል፤ ከፖስተር ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ፊልሙን አላዩም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያየሁት ብለው ቀለም የሚጠቅሱ ከሆነም ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ስርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ለዚህ ሁሉ የተሻሉት ምስክሮች ፕሮጀክተር ያንቀሳቅሱ የነበሩና ትኬት የቆረጡ ሠራተኞች ናቸው። የፊልሙን ታሪክ ከተመልካች ባልበለጠ ነው የሚያውቁት፤ ስንት ሳምንት እንደቆየ፣ ስንት ጥቅል እንደነበር፣ የትኛው ቅጂ አሮጌ እንደሆነ ግን በእጃቸው ያለፈ ነገር ነው። ከአሥር ተመልካች በፊት አንድ እንደዚህ ያለ ሰው ይፈለግ።

ሁለት ሰው በአንድ ክፍል አይጠየቅ

ባልና ሚስት፣ ወንድማማች፣ የድሮ ጓደኛሞች አንድ ላይ ሲቀመጡ ጨዋታው ይደምቃል፤ ቅጂው ግን ይበላሻል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጋበርት፣ ሜመንና አለን በ2003 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሙከራ ምክንያቱን ያሳያል። ሁለት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያዩ መስሏቸው፣ በእርግጥ ግን ከተለያየ ማዕዘን የተቀረጸ አዩ። ከተነጋገሩ በኋላ ከእነሱ 71 በመቶዎቹ ከጓደኛቸው ብቻ ሊሰሙት የሚችሉትን ዝርዝር ራሳቸው እንዳዩት አድርገው ተናገሩ። በእኛ ቤት ደግሞ ታላቅ ከተናገረ ታናሽ አይቃረንም፤ «እሱ እንዳለው ነው» ይባልና ያበቃል።

መጀመሪያ ለየብቻ ይቅዱ፣ ቢቻል በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ታናሽየውን አስቀድመው። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ቢያቀርቧቸው ሦስተኛ ቅጂ ይሆናል፤ የሚጠቅመውም ማን ለማን እንደተሸነፈ ለማየት ነው። ዘመድ በአራት አገር ተበትኖ በቡድን ጥሪ የሚደረገው ጭውውት ከሁሉም የባሰ ነው፤ አንዱ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው የሁሉንም ትዝታ ይሞላዋል።

ማጣራቱ

ቅጂውን ከጻፉ በኋላ (አንድ ሰዓት ድምፅ በእጅ ለመጻፍ ከአምስት ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ያስቡ) የሚጣራውን ብቻ ያውጡ፦ ርዕስ፣ አዳራሽ፣ ዓመት። በጊዜው የወጡ ጋዜጦች ዋናው መሣሪያ ናቸው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሄራልድ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ስላሉ በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይፈለጋሉ። ሙሉ ዓመት ከመገልበጥ በትዝታው የተገኘውን ክፍተት ይዘው የበዓላት ሰሞንን ያስቀድሙ፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። ማስታወቂያ ፊልሙ ሊታይ እንደታሰበ እንጂ በእርግጥ እንደታየ አያረጋግጥም፤ ጥቅሉ ሳይደርስ ቀርቶ ሌላ ፊልም ተተክቶ ሊሆን ይችላል።

የቦታ ስም ሲጣራ አንድ ወጥመድ አለ። «ራስ» እና «አምባሳደር» የሲኒማ ቤትም የአካባቢም መጠሪያ ሆነዋል። «አምባሳደር ነው ያየነው» ሲባል አዳራሹን ነው ወይስ አካባቢውን? ኢምፓየርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ደግሞ ሁለቱም ፒያሳ ስለነበሩ በስም መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ከበሩ ሲወጡ ፊት ለፊት ምን እንደሚታይ ማስነገር ይሻላል። ሰውየውን ይዞ ቦታው ላይ መራመድ ድሮ ከሁሉ የሚበልጥ ዘዴ ነበር። የፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሰ አሁን በአሮጌ ካርታ መተካት ግድ ነው። ባዶ ወረቀት ይስጧቸውና መንገዱን ራሳቸው ይሳሉት፤ ካርታው ከዚያ በኋላ ይዘርጋ።

አጻጻፉ

በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ፊደል ያድርጉ። ሀ፦ ተራኪው ያየው፣ በሌላ ማስረጃ የጸና። ለ፦ ያየው፣ ያልተጣራ። ሐ፦ የሰማው። መ፦ ከሌላ ማስረጃ ጋር የሚጋጭ። መ የወጣለትን አይሰርዙት። ሰው ሾሌን ወደ ጃንሆይ ዘመን ከመለሰው የወጣትነቱን ዘመን በምን ፊልም እንደሚሰይም ነግሮዎታል፤ ያ ለሌላ ጽሑፍ ይሆናል፣ ለፊልም መርሐ ግብር ታሪክ ግን አይሆንም።

የተራኪው እርግጠኝነት ፊደሉን አይለውጠው። «እንደ ዛሬ ነው የማስታውሰው» የሚለው አባባል ስለ ስሜቱ ጥንካሬ እንጂ ስለ እውነቱ አይናገርም። እጅግ ደጋግመው የተረኩት ታሪክ በእርግጠኝነት የሚነገር፣ በዚያው ልክ ግን የተለበጠ ነው። ትንሽ ተንተባትበው «ቆይ እስቲ... ወንበሩ ይጮህ ነበር» ያሉት ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለባለቤቱ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ያኔም ድምፅ ይቀዳ። የሚያርሙት ነገር ካለ የመጀመሪያውን ቃል ሳያጠፉ ሥሩ ላይ በቀኑ ይጻፉት። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ጋዜጣ ያሳዩዋቸው ከሆነ፣ ወይም ፊልሙን በዩቲዩብ አይተውት ከሆነ፣ ያንንም ይመዝግቡ፤ ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት የዩቲዩቡን ፊልም ሊሆን ይችላል። የድምፅ ፋይሉ ስም የተቀዳበት ቀን፣ የተራኪው መለያ ቁጥርና የቅጂው ተራ ይሁን፤ የሰውየው ስም በሌላ ወረቀት ይቀመጥ፤ ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ይኑር።